ጓደኛሞች ያዋጡት ገንዘብ ሄጅ ፈንድ ይባላል?

ጥያቄ፦ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፣ ከዚራ። ጓደኛሞች በየወሩ ብር እያዋጣን የባንክ አክሲዮን እንገዛለን። አንዳችን ስብስቡን «ሄጅ ፈንድ» ይለዋል። ልክ ነው? አማርኛውስ ምንድን ነው?

መልስ፦ ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም ስለማይወደድ በ«አንተ» ልቀጥል። ጓደኛህ አጋኖታል። የእናንተ «የኢንቨስትመንት ማኅበር» ቢባል ይበቃዋል። ገንዘብ የተዋጣበት ሁሉ ሄጅ ፈንድ አይሆንም።

ነገሩን የጀመረው አልፍሬድ ዊንስሎው ጆንስ የሚባል ሰው ነው፣ አሜሪካ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1949፣ በ100,000 ዶላር። ይወደዳል ያለውን አክሲዮን ይገዛል። ይረክሳል ያለውን ደግሞ ተበድሮ ይሸጠዋል፤ ዋጋው ሲወርድ በርካሽ ገዝቶ ለባለቤቱ ይመልስና ልዩነቱን ኪሱ ይከታል። እናም ገበያው በሙሉ ቢወድቅ እንኳ ተበድሮ ከሸጠው ያገኘው ትርፍ በገዛው ላይ የደረሰበትን ኪሳራ ያካክስለታል። «ሄጅ» የተባለው ይሄ ማካካሻ ነው።

ዛሬ ስምና ግብር ተለያይተዋል። አሁን ሄጅ ፈንድ የሚባለው ከሀብታሞችና ከትልልቅ ተቋማት ገንዘብ ሰብስቦ፣ ብዙ ጊዜም ብድር ጨምሮበት፣ በአክሲዮን፣ በውጭ ምንዛሪ፣ በቦንድ፣ በፈለገው የሚነግድ የግል ፈንድ ነው። ለአስተዳዳሪዎቹ የተለመደው ክፍያ በዓመት ከገንዘቡ 2 በመቶ፣ ከትርፉ ደግሞ 20 በመቶ ነበር። አደጋውም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 ሎንግ ተርም ካፒታል ማኔጅመንት የተባለው ፈንድ፣ የኖቤል ተሸላሚ ኢኮኖሚስቶች እያሉበት፣ በጥቂት ወራት ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከስሮ ባንኮች 3.6 ቢሊዮን ዶላር አዋጥተው ነው ያነሱት።

ስለዚህ «የመከላከያ ፈንድ» አትበለው። አንደኛ፣ ገንዘቡ የማይነካ ያስመስለዋል። ሁለተኛ፣ እኛ አገር «መከላከያ» ሲባል ሰው ሠራዊቱን ነው የሚያስበው! «ሄጅ» በእንግሊዝኛ አጥር ማለትም ቢሆን፣ «የአጥር ፈንድ» ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። «ሄጅ ፈንድ» ብለህ ጻፍ፤ ሲበዛ «ሄጅ ፈንዶች»። መጀመሪያ ስትጠራው ብቻ በአንድ ሐረግ አብራራው።

«ሄጅ ማድረግ» ግን ሌላ ነው። ከወራት በኋላ የሚያስረክበውን የሐረር ቡና ዋጋው እንዳይወርድበት ፈርቶ ዛሬውኑ ዋጋ የቆረጠ ላኪ ሄጅ አድርጓል፤ ሄጅ ፈንድ ግን የለውም። እናንተም የገዛችሁት አክሲዮን ቢወርድ የሚያካክስላችሁ ነገር ስለሌለ፣ ለጊዜው ሁለቱም ቃል አይመለከታችሁም።