ጸሎቴ ደረቀብኝ፤ እግዚአብሔር ትቶኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር፣ እንደምን አሉ? የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ባለፈው ዓመት ንስሐ ገብቼ ሥጋ ወደሙ ተቀበልኩ። ያኔ ገና ለጸሎት ስቆም እንባዬ ይቀድመኝ ነበር። አሁን ውዳሴ ማርያም ስደግም የሚንቀሳቀሰው አፌ ብቻ ነው። ቅዳሴ ላይ ቆሜም ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነው። እግዚአብሔር ትቶኝ ይሆን እያልኩ እጨነቃለሁ። በዚያ ላይ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አለሁ። «አንድ የበቁ አባት በዚህ ወር እንዲህ ይሆናል አሉ» የሚል መልእክት በየቀኑ ይመጣል። አንዳንዱ «ለ12 ሰው ካልላክሽ መቅሠፍት ያገኝሻል» ይላል። ፈርቼ እልካለሁ። ሳነበው እንቅልፍ አጣለሁ፤ ካላነበብኩት ደግሞ የሚያመልጠኝ ነገር ያለ ይመስለኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ሰላም እኅቴ። አጭሩን መልስ ላስቀድም። አልተወሽም። «አልለቅህም ከቶም አልተውህም» ያለው እርሱ ራሱ ነው (ዕብ. 13፥5)። እንባሽ እስካለ ድረስ ብቻ አላለም።

የጠየቅሽኝ ሁለት ነገር ቢመስልም ሥሩ አንድ ነው። በአንድ በኩል የውስጥሽን ስሜት እያየሽ እግዚአብሔር ቀርቧል፣ ርቋል ትያለሽ። በሌላ በኩል ስልክሽን እያየሽ ነገ ምን ይመጣል ትያለሽ። ስሜትም ወሬም በየቀኑ ይለዋወጣል። በእነርሱ ላይ የቆመ ሰው አብሮ መናወጡ አይቀርም።

ሐዋርያው ጴጥሮስን እንይ። ነሐሴ 13 ቀን ደብረ ታቦርን እናከብራለን። ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ጅራፍ የሚያጮኹበት ቡሄ ማለት ነው። በዚያ ተራራ ላይ ጴጥሮስ የጌታ ፊት እንደ ፀሐይ ሲያበራ አየ። ሙሴንና ኤልያስን አየ። የአብን ድምፅ በጆሮው ሰማ። ከደስታው ብዛት እዚሁ ዳስ እንሥራ አለ። ከዚህ የሚበልጥ መንፈሳዊ ስሜት ከየት ይመጣል?

ያ ሰው ግን ብዙም ሳይቆይ በሊቀ ካህናቱ ግቢ እሳት እየሞቀ ሦስት ጊዜ ካደ። የታቦር ብርሃን ከመውደቅ አላዳነውም። ታዲያ ምን መለሰው? ሉቃስ ይነግረናል። ዶሮ ሲጮኽ ጌታ ዘወር ብሎ አየው፤ ጴጥሮስም አስቀድሞ የነገረው የጌታ ቃል ትዝ አለው። ወጥቶም መራራ ልቅሶ አለቀሰ (ሉቃ. 22፥61-62)። ልብ በይ፣ እንባው የመጣው ከቃሉ በኋላ ነው።

በመጨረሻ ዘመኑ፣ ከዚህ ዓለም የሚለይበት ጊዜ እንደ ቀረበ ሲያውቅ፣ ሁለተኛ መልእክቱን ጻፈ። በቅዱሱ ተራራ ያየውንና የሰማውን ያነሣል። የዓይን ምስክር ነኝ ይላል። ቀጥሎ ግን «ከእርሱም ይልቅ እጅግ የጸና የትንቢት ቃል አለን» ይላል። ያንንም ቃል ሰው በጨለማ ስፍራ የሚበራን መብራት እንደሚጠነቀቅ ተጠንቀቁት ብሎ ይመክራል (2ጴጥ. 1፥16-19)። እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር ይገርመኛል። ታቦርን ያየ ሰው ተከታዮቹን «እንደ እኔ ራእይ እስክታዩ ጠብቁ» አላላቸውም። ወደ መጻሕፍት ነው የላካቸው።

ይህ ማለት እንባ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። አባቶቻችን እንባን ከእግዚአብሔር ዘንድ ሲለምኑ ኖረዋል። ሲሰጥሽ አመስግኚ። ሲቀር ግን እምነትሽን በእንባ አትለኪ። ደግሞም መድረቅ የአንቺ ብቻ ችግር አይደለም። መዝሙር 87ን ክፈቺና እስከ መጨረሻው አንብቢው። በጨለማ ይጀምራል፣ በጨለማ ያልቃል። እንደ ሌሎቹ መዝሙራት መጨረሻው ላይ ወደ ምስጋና አይዞርም። ቤተ ክርስቲያን ግን ከዳዊት መጽሐፍ አላወጣችውም፤ ዛሬም እንደግመዋለን። መዝሙር 41 ላይ ደግሞ መዝሙረኛው «ነፍሴ ሆይ፥ ለምን ታዝኛለሽ? ለምንስ ታውኪኛለሽ?» እያለ ራሱን ይጠይቃል። «በእግዚአብሔር ታመኚ» ብሎም ያዝዛታል። አንዴ ብሎ አላበቃም። እዚያው መዝሙር ላይ ደገመው፤ በሚቀጥለው መዝሙርም መልሶ አለው። ነፍስ በአንድ ጊዜ አልሰማ ብትለው ነው።

መጥምቁ ዮሐንስም አለልሽ። በዮርዳኖስ ሰማይ ሲከፈት ያየ ነቢይ፣ ወኅኒ ሲገባ «የምትመጣው አንተ ነህን?» ብሎ ደቀ መዛሙርቱን ላከ (ማቴ. 11)። ጌታ አልተቆጣውም። ዕውሮች ያያሉ፣ አንካሶች ይሄዳሉ፣ ለድሆች ወንጌል ይሰበካል ብላችሁ ንገሩት አላቸው። ኢሳይያስ ስለ መሲሑ የተናገረውን ነው ያስታወሰው። የወኅኒው በር አልተከፈተለትም፤ የሚጨብጠው ቃል ግን ተሰጠው።

አሁን ወደ ቴሌግራሙ እንምጣ። በተሰሎንቄ ያሉ ክርስቲያኖችም የአንቺው ዓይነት ነገር ገጥሟቸው ነበር። የጌታ ቀን ደርሷል የሚል ወሬ ተነዛባቸው። ቅዱስ ጳውሎስ ምን አላቸው? «በመንፈስ» ቢባል፣ «በቃል» ቢባል፣ ከእኛ የመጣ የሚመስል መልእክት እንኳ ቢደርሳችሁ ከአእምሯችሁ ቶሎ አትናወጡ (2ተሰ. 2፥2)። በሐዋርያ ስም የተላከ የሚመስል መልእክት! «አንድ የበቁ አባት አሉ» ተብሎ ስምም አድራሻም ሳይኖረው የሚዞረው ከዚህ በምን ይለያል? መፍትሔውንም እዚያው ምዕራፍ ላይ ታገኚዋለሽ። ጸንታችሁ ቁሙ፣ በቃልም ሆነ በመልእክት የተማራችሁትን ያዙ ይላል (2፥15)። አዲስ ነገር አሳድዱ አላለም። የተማራችሁትን ያዙ ነው ያለው።

እግዚአብሔር ለቅዱሳኑ አይገልጥም እያልኩ እንዳይመስልሽ። ይገልጣል። ግን የተገለጠው ሁሉ ይመረመራል። ዘዳግም 13 ላይ ከባድ ነገር ተጽፏል። ሕልም አላሚው የተናገረው ምልክት ቢፈጸም እንኳ፣ ከአምላካችሁ የሚያርቅ ከሆነ አትስሙት ይላል። እንግዲህ «ያሉት ደርሷል እኮ» የሚለው ክርክር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ስለ ቀንና ወር ከሆነ ደግሞ ጌታ ለሐዋርያቱ እንኳ «ወራትንና ዘመናትን ታውቁ ዘንድ ለእናንተ አልተሰጣችሁም» ብሏቸዋል (ሐዋ. 1፥7)። ለሐዋርያት ያልተሰጠ ለግሩፑ አድሚን ይሰጣል?

«ለ12 ሰው ላኪ» የሚለውን ዝም ብለሽ አጥፊው። እውነቴን ነው፣ ምንም አትሆኚም። ሼር በማድረግ የሚገኝ በረከት፣ ባለማድረግ የሚወርድ መቅሠፍት ቤተ ክርስቲያን አታውቅም። «እግዚአብሔር የኃይልና የፍቅር ራስንም የመግዛት መንፈስ እንጂ የፍርሃት መንፈስ አልሰጠንምና» (2ጢሞ. 1፥7)። ፈርተሽ የላክሽላቸው ሰዎችም እንደ አንቺው ሳይጨነቁ አልቀሩም። ከቻልሽ ደውለሽ አረጋጊያቸው።

«መልእክቱ ላይ ጥቅስ አለበት» ትይኝ ይሆናል። ሰይጣንም ጥቅስ ያውቃል። ጌታን በቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ አቁሞ የጠቀሰለት መዝሙር 90ን ነው። ጌታ «ደግሞ ተጽፏል» ብሎ በሌላው ቃል መለሰለት (ማቴ. 4፥7)። ከቦታዋ ተቆርጣ የመጣች አንዲት ጥቅስ አስፈራራችኝ ብለሽ አትናወጪ። ምዕራፉን አንብቢ። ካልገባሽ መምህር ጠይቂ። የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባ፣ በገንዘቧ ሁሉ ላይ የሠለጠነው ያ ኢትዮጵያዊ፣ በጋዛ መንገድ ኢሳይያስን እያነበበ «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አለ። ባለሥልጣን ነኝ ብሎ አላፈረም። ፊልጶስን በሠረገላው አስቀመጠ፣ ተማረ፣ ተጠመቀ። ደስ ብሎትም መንገዱን ሄደ።

በተግባር ምን ላድርግ ካልሽ፣ ብዙ አልጭንብሽም። የዕለቱን ግጻዌ ያዢ። በቅዳሴ የሚነበበውን የጳውሎስ መልእክት፣ የሌሎቹን ሐዋርያት መልእክትና የሐዋርያት ሥራ፣ ምስባኩን (ከወንጌል በፊት የሚዜመውን የዳዊት ጥቅስ) እና ወንጌሉን ያሳይሻል። ቅዳሜ ማታ የእሑዱን ወንጌል ቤትሽ አንብቢው። ነገ ዲያቆኑና ካህኑ ሲያነቡ ምን እንደሚመጣ ስለምታውቂ ሐሳብሽ እንደ በፊቱ አይበተንም። ጸሎትሽን ደረቀብኝ ብለሽ አታቋርጪ። ዳዊት አንድ ንጉሥ፣ ማለትም ዐሥር መዝሙር፣ ከከበደሽ አንድ መዝሙር ድገሚ። ግን ቀስ ብለሽ። ልብሽን የሚነካ ቃል ስታገኚ እዚያ ቁሚና ደግመሽ በዪው። የጸሎትሽን መጠን በተመለከተ የንስሐ አባትሽን አማክሪ። እኔ ከሩቅ ሆኜ ልወስንልሽ አልችልም።

አንድ ነገር ልጨምር። እንቅልፍ አጣለሁ ብለሻል። ግሩፑን ትተሽም እንቅልፍ እንቢ ካለሽ፣ ምግብም ከዘጋሽ፣ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። እምነት ማነስ አይደለም። ወንጌላዊው ሉቃስ ራሱ ባለ መድኃኒት ነበር (ቆላ. 4፥14)።

ከግሩፑ ልውጣ ወይ ብለሽ በቀጥታ አልጠየቅሽኝም፤ የፈራሽው ግን እርሱን ይመስለኛል። ውጪ። «እኅታችን ቀዘቀዘች» የሚል አይጠፋም። ያለ ሰው ካለ ሳትጣዪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አጥቢያሽ ወዳለው ጉባኤ ጥሪው።