ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ኮምፒውተር ሳጥን ውስጥ ሲገባ ለምን ይጠፋል?

ጥያቄዎ ባጭሩ ይህ ነው፦ ካገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ያወጡትን ማዘርቦርድ (ሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ የሚገጠሙበትን ዋና ሰሌዳ) ራስዎ ከላሜራ ቆርጠው አጥፈው በሠሩት ሳጥን ውስጥ አስገብተዋል። የብሎን ቀዳዳዎቹን ኢንተርኔት ላይ ባገኙት የኤቲኤክስ (የማዘርቦርድና የሳጥን የጋራ መለኪያ) ሥዕል ልክ በስተዋል። ጠረጴዛ ላይ ካርቶን አንጥፈው ሲያስነሡት ያለ ችግር ይሠራል። ሳጥኑ ውስጥ ሲታሰር ግን ማራገቢያው ግማሽ ዙር ያህል ዞሮ ቀጥ ይላል። አንድ ቀን ተሳክቶለት ሲሠራ ቆየና ጠረጴዛው ሲገፋ ጠፋ። ሳጥኑን በእጅዎ ሲነኩት ደግሞ ይነዝርዎታል። ያዩት ባለሙያ ኤሌክትሪክ የሚመግበውን ፓወር ሰፕላይና ጊዜያዊ ማስታወሻ የሆነውን ራም አስቀየሩዎት፤ ለውጥ ሲጠፋ ከማዘርቦርዱ ሥር ብርማ ከረጢት አንጥፈው ሸኙዎት።

ፓወር ሰፕላዩም ራሙም ጤነኞች ነበሩ ብዬ አምናለሁ፤ ገንዘብዎ በከንቱ ነው የወጣው። ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ዕቃ ሳጥን ውስጥ እምቢ ካለ፣ ጥፋቱ የሚፈለገው በማዘርቦርዱና በሳጥኑ መካከል ነው። ማራገቢያው ተነሥቶ ወዲያው መቆሙ ፓወር ሰፕላዩ የተነካካ መስመር አግኝቶ ራሱን ማጥፋቱን ያሳያል። ሲገፋ መጥፋቱ ደግሞ ንክኪው አንዴ የሚይዝ አንዴ የሚለቅ መሆኑን ይነግረኛል። ግምቴ ይህ ነው፦ ማዘርቦርዱን ከላሜራው ከፍ አድርገው ከሚይዙት የናስ እግሮች አንዱ ቀዳዳ በሌለበት ቦታ ቆሞ ጀርባውን እየነካ ነው። የኤቲኤክስ ሥዕል የሚያገለግለው መለኪያውን ጠብቆ ለተሠራ ማዘርቦርድ ነው። የቢሮ ኮምፒውተር ሠሪዎች ግን ብዙ ጊዜ የራሳቸውን ልክ ይከተላሉ፤ ሦስት አራቱ ቀዳዳ ይገጥምና የቀሩት ይዛነፋሉ።

ከሁሉ በፊት ግን ንዝረቱ። የሳጥኑ ላሜራ ከግድግዳው የመሬት ሽቦ ጋር መገናኘቱን እስኪያረጋግጡ ድረስ ማንም አይጠቀምበት፤ ልጆች ባሉበት ክፍልም ተሰክቶ አይደር። ሲፈቱም ማብሪያውን ማጥፋት አይበቃም፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እንኳ 5 ቮልት ወደ ማዘርቦርዱ ይሄዳልና ስፒናውን ከግድግዳው ይንቀሉ።

ማዘርቦርዱን አውጥተው ጀርባውን በባትሪ ብርሃን በአግድም ይመልከቱት። ባለ ስድስት ጎኑ እግር በቆመበት ቦታ ቀለሙ ተፍቆ የሚያብረቀርቅ ጭረት፣ ወይም ጫፉ የተድበሰበሰ የሊድ ብየዳ ነጥብ ያገኛሉ። ያንን እግር ከላሜራው ይንቀሉት። ያን ብርማ ከረጢትም ይጣሉት። ከረጢቱ የተሠራው ዕቃ ሲጓጓዝ ከስታቲክ (በመፋተግ ከሚፈጠር ኤሌክትሪክ) እንዲጠብቅ ነው፤ በውስጡ የብረት ሽፋን አለው። የማዘርቦርዱ ጀርባ በሾሉ የሊድ ጫፎች የተሞላ ስለሆነ ከረጢቱን ወግቶ ብረቱ ጋር ይደርሳል። ንክኪን ለማራቅ ተብሎ ሌላ ንክኪ ማንጠፍ ነው፤ ይህን በየሱቁ ማየት ታክቶኛል።

አዲሱን ልክ ከሥዕል አይውሰዱ። ማዘርቦርዱን ራሱን ንጹሕ ካርቶን ላይ አስተኝተው በእያንዳንዱ ቀዳዳ እርሳስ አሳልፈው ምልክት ያድርጉ፤ ከዚያ ካርቶኑን ላሜራው ላይ አጣብቀው በሹል ምስማር ነጥብ ያሳርፉ። ሲበሱ ሳጥኑ ባዶ መሆን አለበት፤ ከትራፓኖው የሚወርደው የብረት ብናኝ ማዘርቦርድ ላይ ካረፈ ሌላ ጣጣ ነው። ቀጭን ላሜራ ጥርስ አይዝም፤ ስለዚህ ቀዳዳውን በእግሩ ጥርስ ውፍረት ልክ በስተው እግሩን ከኋላ በዳዶ ይሰሩት። የእግሮቹ ቁመት እኩል ይሁን፤ 6.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይበቃል። ቀዳዳ ባለበት ሁሉ እግር ይኑር፣ በሌለበት አንድም አይኑር። በኪሎ የሚሸጡት እግሮች ብረት ላይ የናስ ቀለም የተቀቡ ናቸው፤ ገና ሁለተኛ ሲጠብቁ ጥርሳቸው ይበላል። ከተጣለ የኮምፒውተር ሳጥን የተፈቱ አሮጌ እግሮች ይሻላሉ።

የፕሮሰሰሩንም ማቀዝቀዣ ይመልከቱ። በቢሮ ኮምፒውተሮች ብዙ ጊዜ የማቀዝቀዣው አራት ብሎኖች ማዘርቦርዱን አልፈው የሚታሰሩት ከመጀመሪያው ሳጥን ላሜራ ጋር ነው። እርስዎ ዘንድ ያ መያዣ ከሌለ ብሎኖቹ ሲጠብቁ ማዘርቦርዱ ወደ ታች ይለምጣል። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ሳጥን የጀርባ ላሜራ ከነእግሮቹ፣ ከነማቀዝቀዣው መያዣና ከነካርድ ማሰሪያው በብረት መጋዝ ቆርጬ እርስዎ በሠሩት ሳጥን ውስጥ አስረው ነበር። በካርድ ማሰሪያዎቹ መካከል ያለው ርቀት 20.32 ሚሊ ሜትር ነው፤ በእጅ ተለክቶ ሲበሳ በቀላሉ ይዛነፋል።

አሁን ወደ ንዝረቱ ልመለስ፤ ይህን ብዙ ሰው በተሳሳተ መንገድ ስለሚረዳው ረዘም አድርጌ ላስረዳ። ፓወር ሰፕላይ ኤሌክትሪኩን በሰከንድ በብዙ አሥር ሺህ ጊዜ እየከፈተና እየዘጋ ነው የሚሠራው። ይህ የሚፈጥረው ረብሻ ወደ ቤቱ መስመር እንዳይመለስ መግቢያው ላይ ካፓሲተር የሚባሉ፣ ኤሌክትሪክ ለጊዜው የሚያጠራቅሙ ሁለት ትንንሽ ዕቃዎች ይገጠማሉ፤ አንዱ ኤሌክትሪኩን ከሚያመጣው ሽቦ ከፌዙ ወደ ብረቱ አካል፣ ሌላው ከመላሹ ሽቦ ከኒውትራሉ ወደዚያው ብረት። ረብሻው በብረቱ በኩል አልፎ በመሬት ሽቦ ይወርዳል ተብሎ ነው። የመሬት ሽቦው ከሌለ ግን ብረቱ የሁለቱ ካፓሲተሮች መካከል ሆኖ ይቀራል። ሁለት እኩል ጉልበት ያላቸው ሰዎች የሚጎትቱት ገመድ መካከሉ ላይ እንደሚረጋ ሁሉ፣ ብረቱም ከ220 ቮልቱ እኩሌታ ላይ ይረጋል፦ 110 ቮልት አካባቢ። ቴስተርዎ ከሳጥኑ እስከ እውነተኛ መሬት ቢለካ የሚያሳይዎት ይህንን ነው። የሚያልፈው ጅረት ከአንድ ሚሊ አምፔር በታች ስለሆነ ይነዝራል እንጂ አይጥልም። ፓወር ሰፕላዩን ሦስት ጊዜ ቢቀይሩ ሦስቱም እንዲሁ ይነዝራሉ፤ ካፓሲተሮቹ በሁሉም ውስጥ አሉና። የሚያስፈራው ሌላ ነው። ፌዙ አንድ ቀን ተላጦ ሳጥኑን ከነካ፣ የመሬት ሽቦ ያለው ሳጥን ወዲያው መስመሩን ያስጠፋል፤ የሌለው ሳጥን ግን 220 ቮልት ይዞ የሰው እጅ ይጠብቃል።

ስለዚህ ይለኩ። ስፒናው ተነቅሎ እያለ በስፒናው የመሬት ምላስና በሳጥኑ መካከል ቴስተሩ ከ1 ኦም በታች ማሳየት አለበት። ካላሳየ ፓወር ሰፕላዩ የታሰረባቸው አራት ቦታዎች ላይ ያለውን ቀለም እስከ ብረቱ ድረስ ይፋቁ፤ ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። እነዚያ ብሎኖች 3.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው አጫጭር ይሁኑ፤ ረጅም ብሎን ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ዘልቆ ይገባል። የሚከፈተው ጎንም በማጠፊያ ብቻ የተያያዘ ከሆነ በአረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ከሳጥኑ ጋር ያገናኙት።

ሳጥኑ ደኅና ሆኖ አሁንም የሚነዝር ከሆነ ጥፋቱ ከግድግዳው ወይም ከዲቫይደሩ ነው። ከዱባይ የመጡ ዕቃዎች ባለ ሦስት እግር ስፒና ስላላቸው በርካሽ ማስተላለፊያ ይሰካሉ፤ ብዙዎቹ ማስተላለፊያዎች የመሬት መስመሩን እዚያው ቆርጠው ያስቀሩታል። አንዳንድ ሶኬትም ምላሱ እያለው ከኋላው ሽቦ የለውም። ያኔ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይጥሩ። ሠራተኛው ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን ከመሬት ምላስ ጋር አጋጥሞ "ንዝረቱ ጠፋ" ካለዎት እንዲፈታው ይንገሩት፦ ኒውትራሉ አንድ ቦታ ከተበጠሰ ሳጥንዎ በሙሉ ፌዝ ይሆናል። የመሬት ሽቦ ከመሬት ነው የሚመጣው፤ ሌላ ምንጭ የለውም።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ ማራገቢያው አሁንም ከቆመ ብሎኖቹን በሙሉ ፈትተው ማዘርቦርዱን እግሮቹ ላይ ብቻ አስቀምጠው ያስነሡት። ከሠራ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ይሰሩ፤ ከእያንዳንዱ በፊት ስፒናውን ይንቀሉ፣ ከእያንዳንዱ በኋላ ያስነሡት። ያጠፋዎትን ብሎን ሲያገኙ፣ ማዘርቦርዱ ላይ የት እንዳለና ከሥሩ ያለው እግር ምን እንደሚመስል ጽፈው ይላኩልኝ።