ክፍት ፔሬድ የሌለበት ፕሮግራም

ከባሕር ዳር የጻፍሽልኝ ደብዳቤ እንቅልፍ ነሳኝ። በሒሳብ ሁለተኛ ዲግሪሽን ልትጨርሺ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍሽ የግራፍ (በመስመር የተያያዙ ነጥቦች) መስመሮችን በተከታታይ ቁጥሮች ስለ ማቅለም ነው፤ ግማሹን ጽፈሻል። አጎትሽ ደግሞ ባንክ ውስጥ ሥራ አግኝተውልሻል። ጽሑፉን ትተሽ ሰኔ ላይ እንድትጀምሪ ይፈልጋሉ። ጥናትሽን ስታስረጂያቸው «ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ቀለም ለመቀባት ነው?» አሉሽ። አንቺም «ምናልባት እውነታቸውን ነው፤ ይህ ነገር ማንንም አይጠቅምም» ብለሽ ጻፍሽልኝ።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው ላልሽው፣ በየቀኑ አንድ ገጽ ጻፊ፤ ሌላ መንገድ የለውም። ወደ ዳታ ሳይንስ ልቀይር ወይ ላልሽው፣ ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ተማሪ፣ ዲግሪ ግን አትቀይሪ። ስለ ዕድሜሽና ስለ ትዳር የሚያወሩትን ለጊዜው ተያቸው።

«ማንንም አይጠቅምም» የሚለውን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

አማካሪ ከመሆኔ በፊት ለዓመታት የሒሳብ መምህር ነበርኩ። በኋላ ምክትል ርዕሰ መምህር ሆኜ የክፍለ ጊዜ ድልድል እኔ ላይ ወደቀ። በትልቅ ካርቶን ላይ፣ በእርሳስና በላጲስ ነበር የምንሠራው። መስከረም በመጣ ቁጥር ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አድር ነበር። አንድ ዓመት የሚጠባ ልጅ ያላት መምህርት ነበረችን። ሠርቼ የለጠፍኩት ፕሮግራም ለእሷ አንደኛና ስድስተኛ ፔሬድ ሰጣት። በመሀሉ ቤቷ ደርሳ መመለስ አትችልም፤ ቤቷ ሩቅ ነው። ስታፍ ውስጥ ተቀምጣ ሰዓቱን ስትጠብቅ አያት ነበር። ለማስተካከል ሦስት ሌሊት ታገልኩ። የእሷን ሳሻሽል የሌላው ይበላሻል። የእኔ ድክመት ነው ብዬ አመንኩ፤ ለዓመታትም ከፋኝ።

አሁን አንቺ የምታጠኚው ያንን ካርቶን ነው። መምህሩ አንድ ነጥብ፣ ክፍሉ ሌላ ነጥብ። መምህሩ ክፍሉን የሚያስተምርበት ፔሬድ በመካከላቸው የተሰመረ መስመር። «ቀለም» የተባለው የፔሬዱ ቁጥር ነው። አንድ መምህር በአንድ ሰዓት ሁለት ክፍል ሊገኝ ስለማይችል ከአንድ ነጥብ የሚወጡ መስመሮች ቁጥራቸው ይለያያል። ክፍተት እንዳይኖር ደግሞ ቁጥሮቹ ተከታታይ መሆን አለባቸው። ይህችን ሁለተኛዋን ሕግ አስራትያን እና ካማልያን የተባሉ የአርመን የሒሳብ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1987 አስገቧት።

አጎትሽ ፊት ወረቀት አውጪና ይህን ሥሪላቸው። ሁለት ክፍል፦ 9ሀ እና 9ለ። ሦስት መምህራን፦ የሒሳብ፣ የአማርኛ፣ የባዮሎጂ። እያንዳንዱ መምህር ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ፔሬድ ያስተምራል። ሀንጋሪያዊው የሒሳብ ሊቅ ኬኒግ እ.ኤ.አ. በ1916 ባረጋገጠው መሠረት ሦስት ፔሬድ ይበቃል። ነገር ግን እንዴትም ብትደለድዪው አንዱ መምህር አንደኛና ሦስተኛ ይደርሰውና መሀሉን ይጠብቃል። ክፍተት እንዳይኖር የእያንዳንዱ መምህር ሁለት ፔሬዶች ልዩነት (የ9ሀው ሲቀነስ የ9ለው) አንድ መሆን አለበት፤ ወይ ሲደመር አንድ፣ ወይ ሲቀነስ አንድ። ሁለቱም ክፍሎች 1፣ 2፣ 3ን ስለሚጠቀሙ የልዩነቶቹ ድምር ዜሮ መሆን ይኖርበታል። ሦስት አንዶች ደግሞ ምልክታቸውን እንደፈለግሽ ብትቀያይሪው ዜሮ አይሆኑም።

አሁን 9ለን አንድ ፔሬድ አዘግይተሽ አስገቢው። የሒሳቡ መምህር 1 እና 2፣ የአማርኛው 2 እና 3፣ የባዮሎጂው 3 እና 4። ሁሉም ያለ ክፍተት ገጠመ። ሁሉም መምህር ሁሉንም ክፍል አንድ አንድ ፔሬድ የሚያስተምር ከሆነ፣ ያለ ክፍተት ለመደልደል ቢያንስ ስንት ፔሬድ እንደሚያስፈልግ የሚነግረው ቀመር ቀላል ነው፦ የመምህራኑ ቁጥር ሲደመር የክፍሎቹ ቁጥር ሲቀነስ ትልቁ የጋራ አካፋያቸው። 3 ሲደመር 2 ሲቀነስ 1፣ ማለትም 4። አንድ ፔሬድ መጨመር ሰው ከመጠበቅ ያድናል። ይህንን በዚያ ዘመን ባውቅ ኖሮ ስንት ሌሊት ይተርፈኝ ነበር።

እውነተኛ ትምህርት ቤት ደግሞ እንዲህ የተስተካከለ አይደለም። የሒሳብ ሊቁ ሴቫስትያኖቭ እ.ኤ.አ. በ1990 ሁለት ነገር አሳየ። መምህርና ክፍል ብቻ ባለው ግራፍ ላይ እንኳ ክፍተት የሌለበት ድልድል ጨርሶ የማይገኝበት ጊዜ አለ። ይገኛል ወይስ አይገኝም የሚለውን መወሰን ደግሞ በጣም ከባድ ነው፤ ለሁሉም ግራፍ የሚሠራ ፈጣን ዘዴ እስካሁን አይታወቅም። ይህን ያነበብኩት ማስተማር ካቆምኩ በኋላ ነው። የዚያች መምህርት ፕሮግራም አልስተካከል ያለው በእኔ ስንፍና ብቻ ላይሆን እንደሚችል ያን ቀን ገባኝ። «ማንንም አይጠቅምም» ያልሽኝ ይህንን ነው።

ወደ አጎትሽ ልመለስ። የቤት ኪራይሽን ሁለት ዓመት ከፍለዋል። ትልቅ ውለታ ነው፤ ማመስገን አለብሽ። ግን ኪራይ የከፈለ ሰው ሙያሽን አልገዛም። ይህን በአክብሮት፣ ፊት ለፊት ልትነግሪያቸው ይገባል። እናትሽም «ወንድምሽን አስተምሪልኝ» ማለታቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን በአራት ገጽ ደብዳቤ ውስጥ አንድም የብር ቁጥር የለም። በወር ስንት ነው የሚጎድለው? ለስንት ወር? ለጽሑፍሽ የቀረሽ ስድስት ወር ከሆነ፣ ጥያቄው የስድስት ወር ክፍተት በምን ይሞላል የሚለው ነው። ማስጠናት ትችያለሽ። በፈረቃ የሚሠራ ትምህርት ቤት ግማሽ ቀን ማስተማርም ትችያለሽ። የዕድሜ ልክ ውሳኔ ለስድስት ወር ጉድለት አይከፈልም። የባንክ ሥራ ክቡር ሥራ ነው፤ ከተመረቅሽ በኋላም ማመልከት ትችያለሽ። ግማሽ የተጻፈ ጽሑፍ ግን መሳቢያ ውስጥ ሲቀመጥ ይሞታል። ስንቱን አይቻለሁ።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር። ጽሑፍሽ ላይ አንድ ምዕራፍ ጨምሪ፤ የአንድ እውነተኛ ትምህርት ቤት ድልድል። ፌት (FET) የሚባል በነጻ የሚገኝ ድልድል የሚሠራ የኮምፒውተር ፕሮግራም አለ። ለመምህራን በሳምንት ከዚህ በላይ ክፍት ፔሬድ አይኑር ብለሽ ልታዝዢው ትችያለሽ። እሱ ያወጣውንና በቲዎሪሽ ያገኘሽውን አወዳድሪ። ያ ምዕራፍ ለማንኛውም ቀጣሪ የምታሳዪው ሥራ ይሆናል፤ ፋብሪካ ማሽኖቹ ሥራ ፈትተው እንዳይቆሙ ሲደለድል የሚገጥመው ችግርም ዘመዱ ነው። ዶክትሬት ከፈለግሽ አስራትያን ያስተማረበትን የስዊድኑን ሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲና የአርመንን ዋና ከተማ ዬሬቫንን ተመልከቺ። በስዊድን የዶክትሬት ተማሪ በአብዛኛው ደሞዝ የሚከፈለው ሠራተኛ ነው፤ ይህንንም ለአጎትሽ ንገሪያቸው።

በዚህ ሳምንት በአቅራቢያሽ ወዳለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሂጂና ምክትል ርዕሰ መምህሩን አነጋግሪ። የዘንድሮውን ድልድል እንዲያሳዩሽ ጠይቂ። የትኞቹ መምህራን መሀል ላይ ተቀምጠው እንደሚጠብቁ ቁጠሪ። ጨቅላ ልጅ ያላት መምህርት ካለች ከእሷ ጀምሪ።