ስትጣሉስ?

ልጆቼ፣

አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። በምርጫ ዘመቻ ሆድና ጀርባ ሆነው የከረሙ ፓርቲዎች በማግስቱ ጥምር መንግሥት ሲመሠርቱ ክህደት አይደለም ወይ? ንዴታችሁ ይገባኛል። ብዙዎቻችሁ ድምፅ የሰጣችሁት ያኛው እንዳይመጣ ብላችሁ ነው።

እኔ ፖለቲከኛ አይደለሁም። ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖርኩት ውል በማርቀቅ ነው። ሸሪኮች ቢሮዬ የሚመጡት እየሳቁ ነው። ትርፉን ስለመካፈል ቶሎ ይስማማሉ። "ስትጣሉስ?" ስላቸው ግን ዝም ይላሉ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ሁለት ጓደኛሞች "ኧረ እኛማ አንጣላም" ብለውኝ አንቀጹን ተውኩላቸው። በሦስተኛው ዓመት ፍርድ ቤት ቆሙ። ዛሬም ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ የጥምረት ሰነድ ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው ያንን አንቀጽ ነው።

ጀርመኖች ይህን ከልብ ይይዙታል። ፓርቲዎቹ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይደራደሩና የተስማሙበትን ጽፈው ለሕዝብ ያወጣሉ። ሲጋጩ የሚነጋገሩበት የጋራ ኮሚቴም አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሶሻል ዴሞክራቶቹ ከተፎካካሪያቸው ጋር ለመጣመር ሲወስኑ ስምምነቱን ለአባሎቻቸው ድምፅ አቀረቡ። ሁለት ሦስተኛ ገደማው ደገፈ። የተቃወመውም ቢሆን ተጠይቋል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

እንዲያም ሆኖ ጥምረት ይፈርሳል። በ2021 ሦስት ፓርቲዎች የመሠረቱት የጀርመን መንግሥት በኖቬምበር 2024 በበጀት ጉዳይ ተበተነ። መራሔ መንግሥቱ የፋይናንስ ሚኒስትራቸውን አሰናበቱ። በቀጣዩ ወር ፓርላማው የመተማመኛ ድምፅ ነፈጋቸው፤ በፌብሩዋሪ 2025 ምርጫ ተካሄደ። ፀቡ መራራ ነበር። መውጫው በር ግን አስቀድሞ በሕግ ተሠርቷል።

ኬንያ ውስጥ ግን ጥምረቱ የመጣው ከደም በኋላ ነው። ከዲሴምበር 2007ቱ ምርጫ ማግስት ከ1,000 በላይ ሰዎች ሞቱ። በ2008 መጀመሪያ የቀድሞው የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ኮፊ አናን አሸማግለው፣ ምዋይ ኪባኪ በፕሬዚዳንትነት እንዲቀጥሉ፣ ተፎካካሪያቸው ራይላ ኦዲንጋም ጠቅላይ ሚኒስትር እንዲሆኑ ተስማሙ። ያ ስምምነት ሰው አትርፏል፤ ለ2010ሩ ሕገ መንግሥትም መንገድ ከፍቷል። ነገር ግን ካቢኔው 40 ሚኒስትር አስቆጠረ። ፓርላማ ውስጥ የቀረው ተቃዋሚም ሳሳ። ሁሉም መንግሥት ከሆነ መንግሥትን ማን ይጠይቃል? እኔ ለዚህ ነው ሁሉን አቀፍ ጥምረትን ለክፉ ቀን ብቻ አቆዩት የምለው።

እንግዲህ የኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ፣ አንድም ፓርቲ አብላጫ ካላገኘ ተፎካካሪዎች ቢጣመሩ ደስ ይለኛል። መራጩ ሥልጣኑን ለማንም ብቻውን አልሰጠም። ብቻ የማይሸጡትን ነገር ከድርድሩ በፊት ይወቁት። የብሪታንያ ሊበራል ዴሞክራቶች የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ጭማሪን እንቃወማለን ብለው በፊርማቸው ቃል ገብተው ነበር። በ2010 ከወግ አጥባቂዎቹ ጋር ሥልጣን ያዙና ክፍያው በዓመት እስከ 9,000 ፓውንድ እንዲያድግ መንግሥታቸው ወሰነ። 57 የነበረው የፓርላማ መቀመጫቸው በ2015 ምርጫ 8 ሆነ። ተማሪዎቹ አልረሱም ነበር። ትክክልም ነበሩ ብዬ አምናለሁ።

የመረጣችሁት ፓርቲ ነገ ከማትወዱት ጋር ሲፈራረም ወዲያው "ከሃዲ" ብላችሁ አትለፉት። ሰነዱን ፈልጋችሁ አንብቡ። ምን ሰጠ? ምን ተቀበለ? ሲጣሉ ማን ይዳኛቸዋል? ሰነዱ ካልወጣ ወይም ያ አንቀጽ ከሌለበት፣ ለተወካያችሁ ደብዳቤ ጻፉና ለምን ብላችሁ ጠይቁት።