ስቴፈን ከሪን ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ለምን አለፉት?
አባቱ የታወቀ ተጫዋች ሆኖ ሳለ ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች አሜሪካዊውን የቅርጫት ኳስ ኮከብ ስቴፈን ከሪን እንዴት እንዳለፉት ለጠየቁት፣ ዋናው ምክንያት ቁመናው ነበር። በሻርሎት ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሲጫወት ቀጭንና አጠር ያለ ስለነበረ፣ ለዩኒቨርሲቲ ቡድኖች ተጫዋች የሚመርጡት መልማዮች በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ያለውን ግፊያ ይቋቋማል ብለው አላመኑም።

ኳሱንም ከወገቡ አካባቢ አንሥቶ ይወረውር ስለነበር ረጃጅም ተከላካዮች በቀላሉ ሊያጨናግፉበት ይችሉ ነበር፤ በዚህም ምክንያት አባቱ ዴል ከሪ አወራወሩን ከመሠረቱ እንዲቀይር አደረጉት፣ ልጁም በትምህርት እረፍቱ ለወራት ከቅርጫቱ አቅራቢያ ብቻ እየወረወረ፣ አንዳንዴም እያለቀሰ፣ ከግንባሩ በላይ መልቀቅን ተማረ።

አባቱ የተጫወቱበት ቨርጂኒያ ቴክ እንኳ ያቀረበለት ያለ ስኮላርሺፕ ቡድኑን እንዲቀላቀል ብቻ ነበር። ስኮላርሺፕ ሰጥተው የወሰዱት የትንሹ ኮሌጅ የዴቪድሰን አሠልጣኝ ቦብ ማኪሎፕ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 ባደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ 13 ጊዜ ኳስ ቢያበላሽም (ሌላ አሠልጣኝ ቢሆን ምናልባት ተጠባባቂ ወንበር ላይ ያስቀምጠው ነበር) በቀጣዩ ጨዋታ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ላይ 32 ነጥብ አስቆጠረ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ በአሜሪካ ኮሌጆች ብሔራዊ ውድድር ጎንዛጋ ዩኒቨርሲቲ ላይ 40 ነጥብ አስመዝግቦ ቡድኑን ከመጨረሻዎቹ ስምንት አደረሰ፤ እዚያም በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ 59 ለ57 ተሸነፉ።