ቮልሷ ስንት ታወጣለች?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከአባቴ የወረስኳት የ1967 ሞዴል ቮልስ አለችኝ። ሞተሯን አሠርቼ፣ ቀለም አስቀብቼ፣ ወንበሯን አስለብሼ ነው የያዝኳት። በቅርቡ መንገድ ዳር ቆማ ሳለች ሲኖትራክ ከኋላ መጥቶ ከግንብ ጋር አጣበቃት። ሞተሯ ደግሞ እንደምታውቁት ኋላ ነው፣ ምንም አልተረፈም። ሙሉ ኢንሹራንስ አላት፣ ፖሊሲው ላይ የተጻፈው 350 ሺህ ብር ነው። የኩባንያው ሰርቬየር አይቷት «አትጠገንም፣ ቶታል ናት» አለ። እሺ። ግን ያቀረቡልኝ 210 ሺህ ብር ነው፣ ስብርባሪዋንም ይወስዳሉ። ለምን ስላቸው «አሮጌ ናት፣ እርጅና ተቀንሶ ነው» ይሉኛል። እንደሷ ያለች ዛሬ ከ500 ሺህ በታች አትገኝም። 500ውን ልጠይቅ ወይስ የሰጡኝን ተቀብዬ ልገላገል?
ቢ. ከጎፋ

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትቀበል። 500ውንም ግን ከኢንሹራንሱ አትጠብቅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኢንሹራንስ ጉዳይ ዛሬም የሚዳኘው በ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው፤ በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ይህንን ክፍል አልነካውም። ቁጥር 678 የንብረት ኢንሹራንስ ካሳ ነው ይላል፣ ካሳው ደግሞ ንብረቱ አደጋው በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ አይበልጥም። ከዚህ ሌላ ፖሊሲው ላይ ያለው ቁጥር አለ፣ እሱም ጣሪያ ነው። ከሁለቱ ያነሰው ነው የሚከፈልህ። ስለዚህ 500 ታወጣለች ብለህ ብታስረዳ የምታገኘው 350 ነው፣ ያውም ኤክሰስ የሚሏት፣ ከራስህ ኪስ የምትሸፈነው ተቀናሽ ወጥታ። 500ውን የምታስረዳው 350ውን ለማስከበር ነው ማለት ነው። የአባትህ መሆኗን ደብዳቤ ላይ አትጻፈው። እኛ ይገባናል፣ ለትዝታ ግን ካሳ የሚባል ነገር የለም።

«እርጅና» የሚሏትን ነገር እንያት። መኪና ሲጠገን በአሮጌ ዕቃ ፈንታ አዲስ ከተገጠመ እርጅና መቀነስ ያለ ነው። ሙሉ በሙሉ ለወደመች መኪና ግን ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ በአደጋው ዋዜማ ገበያ ላይ ስንት ትሸጥ ነበር? በየዓመቱ ይህን ያህል በመቶ እየቀነስክ ብትሄድ ኮ የ67 ሞዴል ቮልስ ዋጋ ድሮ ዜሮ ገብቶ ነበር፤ እነሱም 350 ሺህ ብለው አረቦን ባልተቀበሉህ። ፋብሪካው የመጨረሻዋን ቮልስ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ነው፣ አዲስ የሚባል የለም። እኛ አገር ደግሞ በ2012 የወጣው የኤክሳይስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ፣ በ2016 የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከለከለ፣ የዚያኑ ዓመት ሐምሌ ላይ ብሩ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። በዚህ ሁሉ መሀል አገር ውስጥ ያለች መኪና ዋጋዋ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አልሄደም። ሰርቬየሩ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም።

እንግዲህ ማስረጃ ሰብስብ። የሽያጭ ማስታወቂያዎችን ቀናቸው እየታየ ፎቶ አንሳና አትም፣ ሞዴሏና ይዞታዋ የሚቀራረበውን ብቻ ምረጥ፤ የተበላሸችም በጣም የተሽሞነሞነችም አታስገባ፣ ያፌዙብሃል። ቮልስ ሲሠራ የኖረ ጋራዥ በማህተም ግምት ይጻፍልህ። የሞተሩ፣ የቀለሙ፣ የወንበሩ ደረሰኝ ካለህ አያይዝ፣ ከአደጋው በፊት የተነሳ ፎቶም እንዲሁ፤ የዓመታዊ ምርመራ ወረቀቷ ደግሞ ቦሎ ለጥፋ ትሄድ እንደነበር ያሳያል። አንድ ወጥመድ አለ፦ ኩባንያው ሰነዶች ማረጋገጫ የጸደቁ የሽያጭ ውሎችን ሊያመጣብህ ይችላል። ውል ላይ የሚጻፈው ዋጋ ብዙ ጊዜ ከተከፈለው እንደሚያንስ አዲስ አበባ ውስጥ ያልሰማ የለም፤ ምክንያቱን ለመንገር እኔን አትጠይቀኝ።

ሌላ ጥሩ ጥያቄ ልስጥህ። «ስብርባሪዋን እኔ ላስቀርና በስንት ትቀንሱልኛላችሁ?» በላቸው። በጽሑፍ ይመልሱልህ። የቮልስ በር፣ ካምቢዮ፣ መከዳ፣ መብራት ፈላጊው ብዙ ነው፣ እነሱም በጨረታ እንደሚሸጡት ያውቃሉ። ለተጨፈለቀችው 100 ሺህ ብለው ቢጽፉ፣ ደህናዋ እንዴት 210 ብቻ ሆነች?

«እንግዲያው 500 የምታወጣውን በ350 አስገብተሃል፣ በድርሻህ ትጎዳለህ» ሊሉህም ይችላሉ። ቁጥር 679 ላይ አለ፣ እውነት ነው። ካልኩሌተር አውጣ። 350 ለ500 ሰባ በመቶ ነው፣ የጠፋው 500 ሙሉው ስለሆነ ሰባ በመቶው ያው 350 ነው። ይህ አንቀጽ የሚጎዳው መኪናው በሚጠገንበት ጊዜ ነው፣ ከጥገናው ወጪ ሰባ በመቶውን ብቻ ይከፍሉሃልና። ሌሎቻችሁም ፖሊሲያችሁን ስታድሱ የዓምናውን ዋጋ ዝም ብላችሁ አታስገልብጡ።

ደብዳቤህን ለካሳ ክፍሉ ገቢ አድርግ፣ ቅጂው ላይ ማህተም አስመታ። በስልክ የተባለ ነገር እንዳልተባለ ቁጠረው። «ሙሉ በሙሉ ተስማምቼ ተቀብያለሁ» የሚል ቅጽ ላይ እንዳትፈርም፤ ገንዘቡ ካስፈለገህ የማያከራክረውን 210 በቅድሚያ እንዲከፍሉህና ቀሪው ላይ ያለህ መብት እንደተጠበቀ በጽሑፍ ይግባልህ። እምቢ ካሉ ፖሊሲውን ገልጠህ አንብብ፣ የዋጋ ክርክር በግልግል ዳኛ ይታይ የሚል አንቀጽ ሊኖረው ይችላል። ብሔራዊ ባንክ ኩባንያዎቹን ስለሚቆጣጠር አቤት ማለት ትችላለህ፤ የቮልስህን ዋጋ ይተምንልኛል ብለህ ግን አትጠብቅ። የክስ ጊዜው ሁለት ዓመት ነው፣ «እየተነጋገርን ነው» እያሉ ሲያቆዩህ ቀኑን አትርሳ።

ቀሪዋስ 150 ሺህ? እሷን ከሲኖትራኩ ባለቤት ጠይቅ። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 ተሽከርካሪ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርገዋል፣ የኤክሰሷንም ጨምርበት። ኢንሹራንሱ በአንተ ቦታ ተተክቶ የሚከሰው በከፈለህ ልክ ነው፣ ያልከፈለህ የራስህ ነው። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱን አሁኑኑ አውጣ። እዚህም ሁለት ዓመት ነው።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። የ1974 መርሴዲሴን በ22 ሺህ ዶላር ነው ያስገባሁት። ቶታል ብለው 13 ሺህ 500 ሰጡኝ። «አግሪድ አይደለም፣ ስቴትድ ነው» ይሉኛል። ምንድነው ልዩነቱ?
አንድ ጡረተኛ

መልስ፦ ጋሼ፣ ልዩነቱ ያው የጎደለችዎት ገንዘብ ናት። አግሪድ ቫልዩ ከሆነ አስቀድመው የተስማሙበት ዋጋ ይከፈላል። ስቴትድ ቫልዩ ሲሆን ግን አብዛኛውን ጊዜ ከተጻፈው ዋጋና ከገበያው ዋጋ ያነሰውን ነው የሚሰጡት። ስለዚህ ክርክርዎ 22 ተጽፏል በሚል ሳይሆን 13 ሺህ 500ው ከየት መጣ በሚል ይሁን። የግምት ሪፖርቱን ሙሉውን ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ ኮምፒውተር ያወጣው ነው፣ ያነጻጸረው ደግሞ ሌላ ሞዴል ወይም ዝገት የበላት መኪና ሊሆን ይችላል። ከዚያ ፖሊሲው ላይ «አፕሬይዛል» የሚል አንቀጽ ይፈልጉ፦ እርስዎ አንድ ገማች፣ እነሱ አንድ ገማች ያቆማሉ፣ ካልተስማሙ ሁለቱ ሦስተኛ ይመርጣሉ። የራስዎን ገማች እርስዎ ይከፍላሉ፣ የሦስተኛውን ይካፈላሉ፤ ልዩነቱ 8 ሺህ 500 ዶላር ስለሆነ ያዋጣል። ለሜሪላንድ ኢንሹራንስ አድሚኒስትሬሽንም በነፃ አቤት ማለት ይችላሉ። መኪናዋ ቶው ያርድ (የተጎተቱ መኪኖች ማቆያ) ካለች ግን የማቆሚያውን ማን እየከፈለ እንደሆነ ዛሬውኑ ይደውሉና ያረጋግጡ፣ በየቀኑ ይቆጥራል።