አስፋልት፣ ኮረኮንች እና ዋልካ ላለበት መስመር የሞተር ጎማ አመራረጥ

የወንድማችን ጥያቄ ይህ ነው። የሚኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። የሚነዳው ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ነው። በሳምንት ሦስት አራት ቀን በሉማሜ አድርጎ ወደ ደጀን አስፋልቱን ይይዛል። ከዚያ ወደ ቢቸና በኩል ታጥፎ የገጠር ቀበሌዎችን ያዳርሳል። «አስፋልትም፣ ኮረኮንችም፣ ጭቃም አለብኝ። ዓመቱን ሙሉ የሚያገለግለኝ አንድ ጎማ የቱ ነው?» ይላል። አንዱ ደግሞ «የክሮስ ጎማ ፊትና ኋላ ግጠምና ተገላገል» ብሎ መልሶለታል፤ ጥርሱ ረጅምና የተራራቀ፣ ለጭቃ የሚሆነውን ጎማ ማለቱ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ለምን እንደማልስማማ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልንገርህ።

እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። በዚያው አካባቢ 11 ዓመት ሞተር ነድቻለሁ። የደረስኩበትን በአጭሩ ላስቀድመው። ለዚህ መስመር ዓመት ሙሉ የሚሆን አንድ ጎማ የለም። ብዙ ጎማም አያስፈልግህም። ሦስት ይበቃሃል፤ ለፊት አንድ፣ ለኋላ ሁለት። የኋላዎቹን በጋና ክረምት ታፈራርቃቸዋለህ።

መጀመሪያ ዋልካውን፣ ማለትም ጥቁሩንና የሚጣበቀውን አፈር፣ እንይ፤ እዚያ አገር ሰው የሚያስቸግረው እሱ ነው። አንድ ሐምሌ ላይ ከቢቸና ወጣ ብሎ ወዳለ ቀበሌ የታመሙ በሬዎች አሉ ተብዬ እየሄድኩ ነበር። ሌሊቱን ዘንቦ አድሮ ጠዋት ፀሐይ ወጣ። መንገዱ ጠፈፍ ብሏል ብዬ ገባሁበት። ፊትም ኋላም የነበረኝ የአስፋልት ጎማ ነው። መቶ ሜትር ሳልሄድ ጎማዬ ጥርስ እንዳልነበረው ሆነ። ጥቁሩ ጭቃ ሣሩን እየጠቀለለ በላዩ ላይ ተለሰነ። ቀጥሎ በጎማውና በፓራፋንጎው (በጭቃ መከላከያው) መሀል ታጨቀ። በመጨረሻ የፊት ጎማው መዞሩን አቆመ። ሞተሩ ይጮኻል፣ እኔ ግን ቆሜያለሁ። እርሻቸው ዳር የነበሩ አንድ አባት መጥተው ጭቃውን የምፍቅበት የግራር እንጨት ሰጡኝ። «ልጄ፣ ዋልካ እኮ የሚይዘው እንዲህ ሲጠፍፍ ነው። እየዘነበ ብትመጣ ይሻልህ ነበር» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ዋልካ በጣም ሲርስ ይንሸራተታል እንጂ ብዙ አይለጠፍም። ሲደርቅ ደግሞ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። የሚጣበቀው መሀል ላይ ነው። ለዚህ መፍትሔው ጥርሱ ረጅም ብቻ ሳይሆን የተራራቀ ጎማ ነው። በጥርሶቹ መሀል ሰፊ ክፍት ቦታ ካለ፣ ጎማው ሲሽከረከር ጭቃውን ይወረውረዋል። ጥርሱ ረጅም ሆኖ የተጠጋጋ ከሆነ ግን ጭቃው ይሞላበትና አይወጣም። ስለዚህ ሱቅ ስትገባ የጥርሱን ርዝመት ብቻ አይተህ አትደሰት። አውራ ጣትህን በሁለት ጥርሶች መሀል አስገባ። ጣትህ እንደ ልብ የማይገባበት ጎማ ለዋልካ አይሆንም።

እንጅባራና ቡሬ በኩል የምትነዱ ቀይ አፈር ስለሆነ ነገሩ ይቀላችኋል። እሱ ላዩ ያንሸራትታል፣ ሥሩ ግን ጠንካራ ነው። መካከለኛ ጥርስ ያለው ጎማ ላዩን ቆርጦ ሥሩን ይይዛል።

እንግዲህ ከዚያ ቀን በኋላ ተናድጄ ፊትም ኋላም የክሮስ ጎማ ገጠምኩ። ዋልካውን እየቆራረጠ አለፈው፤ እዚያ ላይ ምንም አልወጣለትም። ነሐሴ ላይ ግን ለሥራ ወደ ጎሐ ጽዮን ልሻገር ከደጀን የዓባይን ቁልቁለት ያዝኩ። ዝናብ አለ። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ ብዙ ቦታ ተሰነጣጥቆ እንደተዛባ ታውቃላችሁ። አንድ ኩርባ ላይ ፊቴ ያለው የጭነት መኪና ድንገት ቆመ። የፊት ፍሬን ያዝኩ። ጎማው ወዲያው አልያዘም፤ ጥርሶቹ ሲጎብጡና ሲንሸራተቱ እጀታው ላይ ተሰማኝ። በስንት መከራ ወደ ዳር አወጣሁት።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ጥርሳም ጎማ አስፋልት ሲነካ የሚያርፈው በጥርሶቹ ጫፍ ብቻ ነው። መሬቱን የሚነካው ላስቲክ ያንሳል። ረጃጅሞቹ ጥርሶች ደግሞ ሲጫናቸው ይታጠፋሉ። እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ስትይዝ ይህ ልዩነት ሕይወት ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ገንዘብ ይበላል። ያ የኋላ ጎማ ክረምቱ ሳያልቅ የመሀል ጥርሱ ሙልጭ አለ። ከማርቆስ ደጀን 70 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ነው። ደርሰህ ስትመለስ 140 ሞላህ። ይህን ሁሉ በክሮስ ጎማ ማለት ብርህን አስፋልት ላይ ማፍሰስ ነው።

ታዲያ ምን ልግዛ ላልከው፦ ለፊት ሃምሳ በሃምሳ የሚባለውን፣ ማለትም ግማሽ ለአስፋልት ግማሽ ለጥርጊያ መንገድ የተሠራውን፣ ግጠም። ጥርሱ ጎላ ጎላ ያለ፣ ክፍተት ያለው፣ ነገር ግን የጥርሱ ጫፍ ሰፋ ብሎ አስፋልት ላይ የሚተኛ ነው። የፊት ጎማ የሚመራህና አብዛኛውን ፍሬን የሚሸከምልህ ነው፤ ስለዚህ እርጥብ አስፋልት ላይ የሚክድህ መሆን የለበትም። የፊቱ ቶሎ አያልቅም፤ በእኔ ሞተር ላይ አንድ የፊት ጎማ ሁለት የኋላ ጎማ ይቀብራል።

ለኋላ ለበጋው፣ ማለትም ከጥቅምት እስከ ግንቦት፣ መሀሉ የተጠጋጋ፣ ዳር ዳሩ ጥርስ ያለው ጎማ ይበቃሃል። መሀሉ አስፋልቱን ይችላል። ኮረኮንች ላይም ጠጠሩ እንደ ክሮስ ጎማ ጥርሱን እየገነጠለ አይጥልብህም። ሰኔ ሲገባ ጥርሱ የተራራቀውን አምጣ። የኋላው ትንሽ ቢንሸራተት ትመልሰዋለህ፣ የፊቱ ከሄደ ግን ወድቀሃል። ጥርሳሙ ወደ ኋላ ይሁን የምለው ለዚህ ነው። አውልቀህ የምታስቀምጠውን ጎማ ፀሐይ በማይነካው ቦታ፣ ከቤንዚንና ከዘይት አርቀህ አስቀምጠው።

ልኩን በዓይን አትገምት። በብዙ ዲቲ ላይ ፊት 2.75-21፣ ኋላ 4.10-18 ነው፤ የአንተንም ከአሮጌው ጎማ ጎን አንብብ። «ሰፋ ያለው ጭቃ ላይ ይሻላል» የሚሉህን አትስማ። ሰፊው በጎኑ ያለውን ክፍተት ይሞላውና ጭቃ መታጨቂያ ይሆናል። ከልኩ ቀጥሎ ሁለት አኃዝና ፊደል ታያለህ። ለምሳሌ 57 ካለ ያ ጎማ የሚችለው 230 ኪሎ ነው፤ 51 ካለ 195 ኪሎ ነው። ሰውና ዕቃ የምትጭን ከሆነ ለኋላ ትልቁን ምረጥ።

አሁን እኔን ወደጎዳኝ ነገር ልምጣ። 2012 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አንድ ሱቅ ጎማ ስመርጥ ሻጩ ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር አሳየኝ። 4212 ይላል። «ይኸው 12 ይላል፣ የዘንድሮ ነው» አለኝ። አመንኩት። ሦስት ወር ሳይሞላ በጥርሶቹ ሥር ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ወጣ። ዝናብ ሲነካውማ እንደ ፕላስቲክ ይንሸራተታል። ለካ ያ ቁጥር በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ሳምንቱ ናቸው፣ የመጨረሻዎቹ ዓመቱ። 4212 ማለት በ2012 እ.ኤ.አ. 42ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። በእኛ ጥቅምት 2005 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ሰባት ዓመት የከረመ ጎማ በአዲስ ዋጋ ገዝቻለሁ። የምለምንህ ይህን ነው፦ ቁጥሩን ራስህ አንብብ፣ ከፈረንጁ ዓመት ሰባት ወይም ስምንት ቀንስ። እኔ ከሦስት ዓመት በላይ የከረመ አልገዛም። በጥፍርህም ጫን ብለህ እየው፤ ደህና ላስቲክ ትንሽ ይሰጥና ይመለሳል።

ንፋስ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጭቃ ሲገባ ንፋስ መቀነስ ይረዳል፤ ጎማው ይለጠጥና በደንብ ይይዛል። ግን የእኛ ጎማ በውስጡ ካላማዳርያ አለው። በጣም ከቀነስክ ድንጋይ ስትመታ ካላማዳርያው ከቸርኬው ጋር ይቆነጠጥና ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ይወጣበታል። ጎሚስታ ጋ ሄደህ እንዲህ ያለ ሁለት ቀዳዳ ካየህ ምስማር አይደለም፣ የንፋስ ማነስ ነው። እኔ አስፋልት ላይ ኋላ 28 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) አደርጋለሁ፤ ዋልካ ሲገባ ወደ 20 አወርዳለሁ። ከ18 በታች አልወርድም። ኮረኮንች ላይ ስመለስ በእጅ ፖምፓ እሞላለሁ።

የቫልቮላውን፣ ማለትም ንፋስ የሚሞላበትን አፍ፣ ነገር ደግሞ ልብ በል። ከቸርኬው ቀጥ ብሎ መውጣት አለበት። ካዘመመ ጎማው ቸርኬው ላይ ተንሸራቶ ካላማዳርያውን እየጎተተ ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ሥሩ ይበጠሳል። እኔ የቫልቮላውን ቡሎን ከቸርኬው ጋር አላጠብቀውም፤ ወደ ላይ ወስጄ ክዳኑ ሥር አጠብቀዋለሁ። እንዲህ ሲሆን ቫልቮላው እንደ ልቡ ያዘምና መንሸራተቱን ቀድሞ ይነግረኛል። በየጠዋቱ ሞተሩን ሳስነሳ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

ዓባይ በረሃ ስትወርድ ጎማው ስለሚሞቅ ንፋስ ቀንስ የሚሉ አሉ። አትንካው። ደጀን ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፣ ድልድዩ ያለበት ከ1,000 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ወደ ታች የውጪው አየር ስለሚከብድ መለኪያው 2 ፒኤስአይ ያህል አሳንሶ ያነባል፤ ሙቀቱ ደግሞ ከሞላ ጎደል ያንኑ ያህል ይጨምራል። እርስ በርሱ ይካካሳል። ታች ቀንሰህ ማታ ደጀን ብርድ ላይ ስትወጣ ግን ጎማህ ሰልሎ ታገኘዋለህ። ጠዋት ማርቆስ ላይ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ለካ፣ በቃ።

ሲገጠም ጎኑ ላይ ያለችውን፣ ጎማው የሚዞርበትን አቅጣጫ የምትጠቁመውን ቀስት ቆመህ አሳይ፤ ጎሚስታው ሲቸኩል ይገለብጠዋል። ካላማዳርያውንም አብረህ ቀይር፣ አሮጌው ተለጥጦ ስለሚታጠፍ በታጠፈበት ይቀደዳል። አዲስ ጎማ ላዩ ስለሚያንሸራትት የመጀመሪያውን 100 ኪሎ ሜትር ዘንበል ሳትል፣ ፍሬን ሳትመታ ተጠንቅቀህ ንዳው።

አሁን ግንቦት ስለሆነ የክረምቱን የኋላ ጎማ ዛሬውኑ ፈልግ፤ ሰኔ ሲገባ ሁሉም ሰው ይሻማበታል። የፊቱን ከመግዛትህ በፊት ግን አሁን ያለውን ከጎኑ ፎቶ አንሳና ቁጥሮቹ እንዲታዩ አድርገህ እዚህ ለጥፈው። ምናልባት ገና አንድ ክረምት ይችል ይሆናል።